ላስቲክ የማይነካው ሳጥን

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ገብታችሁ «የብርሃንነሽ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ ሰዉ መንገዱን ከማሳየቱ በፊት ፊታችሁን ያያል። ያዝንላችኋል። «ምን አጥፍታችሁ ነው?» የሚልም አይጠፋም። ብርሃንነሽ እሳት የላሰች ናት፤ ለዕድር ዳኛ አትመለስ፣ ለቀበሌ ሹም አትመለስ። የሰው ለቅሶ ሄዳ፣ ከንፈሯን መጥጣ ከተቀመጠች በኋላ ዐይኗ የድንኳኑን ካስማ ያያል። «ምነው ይቺን እንኳ ቀጥ አድርጋችሁ ብትተክሏት! ሟቹ እንደሆነ አይቸኩል» ትላለች። ሰው ይስቃል። ለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ ነውሩም በእሷ ይጻፋል።

አባቷ ከመንዝ መቀስና መርፌ ይዞ ጅማ የገባ ልብስ ሰፊ ነበር። ለልጁ ሱቅ አላወረሳትም፣ መሬትም አላወረሳትም፤ ያወረሳት ጠማማ ነገር አይቶ ዝም አለማለትን ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ቀልድ ያውቃልና ሀብተጊዮርጊስን ሰጣት።

ሀብተጊዮርጊስ ጅማ መርካቶ ውስጥ በሜትር የሚቆረጥ ላስቲክ፣ ሸራና ስፖንጅ ይሸጣል። ቢሸጥ ግድ የለም፤ ነጋዴ ነው፣ ይሽጥ። ችግሩ ማመኑ ነው። አንዳንዱ በጸበል ያምናል፣ አንዳንዱ በሐኪም፤ ሀብተጊዮርጊስ በላስቲክ ያምናል። ሶፋው የተገዛው ልጃቸው ገና ስትድህ ነው። ልጅቷ ዛሬ አጋሮ ላይ የወለደች እመቤት ናት፤ የሶፋው ላስቲክ ግን አልወለቀም። በበጋ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ ቆዳው አብሮ የሚላጥ ይመስለዋል። ሪሞቱ በላስቲክ ነው። የፍሪጁ እጀታ በላስቲክ ነው። የሰርጋቸው ፎቶ በመስታወት ውስጥ ነው፣ መስታወቱ ደግሞ በላስቲክ። ጠረጴዛው መሀል የላስቲክ አበባ አለ፤ እሱንም በላስቲክ ሸፍኖታል። የላስቲክ አበባ በላስቲክ! ይሄንን ለማን ይነግሩታል?

«አቧራ ነው እኮ ብርሃኔ» ይላል በበጋ። «ጭቃ ነው እኮ» ይላል በክረምት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች። «ላስቲክህን ሳያወልቁ ነው ያጋቡን። ውስጥህ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ይስቃል። የሚያቃጥላት ደግሞ መሳቁ ነው። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሰው ተሰድቦ «እስቲ ድገሚው፣ ለሱቅ ጎረቤቶቼ እነግራቸዋለሁ» ካለ፣ ስድብ ምን ዋጋ አለው? ደግሞም ይነግራቸዋል። መርካቶ ውስጥ የብርሃንነሽ ስድብ የሚሰማው መጀመሪያ ከተሰዳቢው አፍ ነው።

እሷ ራሷ ካርቶን እየቆረጠች የኬክና የጫማ ሳጥን ትሠራ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፣ ጅማ ባይዘንብ። የጅማ ዝናብ ግን ካርቶን አይወድም። አንድ ቅዳሜ ለሰርግ የሄደ ሳጥን ሥሩ ረጥቦ ተቀደደና ኬኩ ሙሽሮቹ እግር ሥር ተዘረገፈ። የሙሽራው አክስት ቤቷ ድረስ መጥተው በሰው ፊት ወረዱባት። የሰውን ጉድለት ስትለቅም የኖረች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ሥራ ሌላ ሰው ሲሰድበው ቆማ ሰማች። ሴትየዋ ደግሞ ስድብ አይችሉበትም፤ እሱም አናደዳት። ከዚያ ወዲህ ካርቶን አልነካችም።

ወዳጇ ዘይቡ የሸቤ ሰው ናት። መርካቶ ውስጥ ቦዩ ዳር፣ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤና አይብ ትሸጣለች። ክረምት ሲገባ ጎርፉ እሷ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ጉልበቷ ከዚህ የተነሳ ለሶላት ስትሰግድ እንኳ አልታጠፍ ብሏታል። ታዲያ ብርሃንነሽ አንድ ቀን ከዝናብ ተጠልላ ስታያት፣ ያ ሁሉ ውሃ እየወረደበት ኮባው ውስጥ ያለው ቅቤ ምንም አልሆነም።

«ይሄ እንሰት ሌላ ምን አለው?» አለቻት።

«ግንዱ ላይ የሚደርቀው ልባስ አለ። ወንድሜ እሳት ያነድበታል።»

«የወንድምሽ ነገር! በይ አምጪልኝ።»

ዘይቡ ከሸቤ በሸክም አስመጣች። ብርሃንነሽ ደረቁን ልባስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ በድንጋይ ተጭና፣ አንዱን በቁም ሌላውን በአግድም እየደራረበች በቡላ ሙጫ አጣበቀችው። የመጀመሪያው ሻገተ። ሁለተኛው ሲደርቅ እንደ ጀልባ ተጣመመ። ሦስተኛው አማረና ፀሐይ ላይ ብታወጣው የጎረቤት ፍየል በላችው። ቡላ ነዋ፣ ምን ታድርግ! «በዚህ ሰፈር ሥራዬን ሳታማ የተቀበለችኝ እሷ ብቻ ናት» አለች ብርሃንነሽ፣ ፍየሏንም ባለቤቷንም አጥር ላይ ሆና ከሰደበች በኋላ።

በመጨረሻ ጥላ ውስጥ ማድረቅ እንዳለባት ገባት። ውስጡን በሰም የተነከረ አቡጀዲ አለበሰችው፣ ክዳኑን በቃጫ ገመድ አሰረችው። የተቆላ ቡና ጨምራ ዘጋችና ከሰነበተ በኋላ ከፈተችው፤ ሽታው እንዳለ ወጣ። ቀለሙ የማር ነው፣ የእንሰቱ መስመር እላዩ ላይ ይታያል፣ ምስማር የለው፣ ቀለም የለው። ዞራ ዞራ አየችው። ከላይ አየችው፣ ከሥር አየችው። የምትሰድበው ነገር አጣች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣው ተኛች፣ ለማንም ግን አልነገረችም።

ቀጥሎ የሠራቻቸውን ሳጥኖች ቡና ቆልተው የሚሸጡ የጅማ ሰዎች ገዟት፣ እነሱ ዘንድ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው አያቸው። ቡና እየቆላ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ነው፤ ስሙን ተዉት፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ልዑልቃል የሚባል ልጅ ደወለ። ሳጥኑን በፎቶ አይቶ እንቅልፍ ማጣቱን ነገራት። ፕላስቲክ የማይነካው ማሸጊያ ሲፈልጉ መኖራቸውን፣ ደንበኞቻቸው ለምድር የሚቆረቆሩ ሰዎች መሆናቸውን፣ መጥቶ አይቶ ከተስማማ የምትሠራውን በሙሉ በቋሚነት እንደሚወስዱ፣ የሥራ ቦታ ተከራይተው ሴቶች እንደሚቀጥሩላት ነገራት።

ብርሃንነሽ ስልኩን ዘግታ ባሏን ጠራችው። «ሰማህ? ላስቲክ የሚጠላ ሰው ተገኘ። አዲስ አበባ ድረስ ስምህ ከፍቷል።»

ለዘይቡ ግን በቁም ነገር ነገረቻት። ሥራው ከመጣ ዘይቡ ከዚያ ቦይ ዳር ትነሳለች፤ ጣሪያ ሥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልባስ ትመርጣለች። ዘይቡ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘችው። የብርሃንነሽ ሐሳብ ደግሞ ሌላም ነበር። ያ ምንም እንከን የማይወጣለት ሳጥን ራቁቱን፣ እንደተፈጠረ፣ አገር ያየዋል። ይቺን አፏን ሞልታ አልተናገረቻትም እንጂ ሆዷ ውስጥ የነበረችው ይቺው ናት።

ልዑልቃል የሚመጣበት ቀን ጠዋት ዝናቡ ያወርደዋል። ዘይቡ በዚያ ጉልበት በጭቃ እንዳትመጣ ብርሃንነሽ በባጃጅ ልታመጣት ወጣች። ሳጥኖቹን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። «እንዳትነካ» አለችው ባሏን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እንዲሁ አይደለም፤ ሀብተጊዮርጊስ ብቻውን ከሳጥኖቹ ጋር ቀረ። አያቸው። አማሩት። የሚስቱ እጅ የሠራውን አንድ በአንድ እያነሳ አገላበጠ። ታዲያ እሱ ለሚወደው ነገር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ብርሃንነሽና ዘይቡ ሲመለሱ ከሳሎን የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ሀብተጊዮርጊስ ከጎረቤት ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ፎን ተውሶ፣ በላብ ተጠምቆ፣ የመጨረሻዋን ሳጥን ላስቲክ በትኩስ አየር እያኮማተረ ያጣብቃል። ሁሉም አልቀዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁሉ ነገር ያብለጨልጫል።

«ያ ረቢ!» አለች ዘይቡ።

«ደርሰሻል?» አለ እሱ፣ ፊቱ በርቶ። «አየሽ፣ አንዲት አቧራ አይነካውም።»

ብርሃንነሽ ነጠላዋን ወዲያ ጣለች። ከዚያ ስድቡ መጣ። «አንተ ሰውዬ! ሰው ናችሁ ተብሎ ከአንተ ጋር አብሮ መቆጠር እንዴት ያሳፍራል! ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ላስቲክ ሸሽተው ነው! ጅብ ሸሽቶ የመጣን እንግዳ ጅብ አልብሰህ ትቀበላለህ? ምን በድዬህ ነው? ንገረኝ፣ ምን በድዬህ ነው?»

«ለመንገድ ነው እንጂ... ከወደዱት በኋላ ይገፈፋል ብዬ...»

«አንተ ቤት ምን ተገፎ ያውቃል!»

ቢላ አንስታ መግፈፍ ጀመረች። ዘይቡም በጥርሷ ሳይቀር ገባችበት። ግማሹን እንደገፈፉ መኪና በሩ ላይ ቆመ።

ልዑልቃል ፎቶ አንሺ አስከትሎ ገባ። ጥምጣም የመሰለ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ጫማው ነጭ ነው፣ ጅማ በክረምት! «ማዘር! ፋዘር!» እያለ ሁሉንም አቀፈ። ብርሃንነሽ «ማዘር» ስትባል ጥርሷ ይነቃነቃል፣ ግን ያን ቀን ዋጠችው። ራቁቱን የቀረውን ሳጥን አንስቶ አሸተተው፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ «ይሄ ነገር ሶል አለው» አለ። ሶል ነፍስ ይሁን የጫማ ሥር የጠየቀው የለም።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ፎቶ ሊነሳ ነው። ብርሃንነሽን የለበሰችውን ሹራብ አስወለቁና ጥልፍ ያለው ቀሚስ አስለበሷት። ዘይቡን ልባሱን በሸክም አስያዟት፤ ያቺን በጉልበቷ የምትሰቃይ ሴት «ትንሽ ጎንበስ ይበሉልን፣ ሸክሙ እንዲከብድ» ይሏታል። ከብዶ እንዲታይ ሳይሆን እንዲከብድ!

«ማዘር፣ ጫማውን ቢያወልቁልን? ኦርጋኒክ እንዲሆን።»

«እግሬ ሲወለድም ኦርጋኒክ ነው፣ ልጄ። ጭቃው ነው የኔ ያልሆነው» አለች፤ አላወለቀችም።

ልጁ ሳቀና ለካሜራው ማውራት ጀመረ። ስለ ምድር ተናገረ፣ ስለ ወንዞች ተናገረ፣ ፕላስቲክ የአባቶቻችንን መሬት እንዴት እንዳነቀው ተናገረ። ሲጨርስ ጉሮሮው ደረቀና የታሸገ ውሃውን ጠጥቶ ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥሩ ሥር ጣል አደረገው። ዘይቡና ብርሃንነሽ ተያዩ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የተባለው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው።

ወደ ሳሎን ተመለሱ። ልዑልቃል ሊቀመጥ ሲል ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሳይገፈፉ የቀሩትን ሳጥኖች አየ። ብርሃንነሽ ወደ ጠረጴዛው ተወረወረች። «እሱ ጥፋት ነው፣ ባለቤቴ ሳያውቅ...» ብላ ልትሰበስባቸው እጇን ዘረጋች።

ልጁ ቀደማት። አንዱን አነሳ። መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን አየው። አዟዟረው፣ በጣቱ ላስቲኩን ነካ ነካ አደረገው፣ ተንኳኳ።

«ዋው» አለ። «ይሄኛው ነው።»

«የቱ ነው?»

«ይሄ፣ የሚያበራው። ፕሪሚየም ይመስላል። ያኛው እኮ ያምራል፣ ግን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ትንሽ... የገጠር ነው። ይሄ ግን ዘመናዊ ሆነ። በመርከብም ሲሄድ እርጥበት አይነካውም። ፋዘር፣ እርስዎ ነዎት ያሰቡት?»

«አቧራ እንዳይነካው ብዬ ነው» አለ ሀብተጊዮርጊስ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ጂኒየስ!»

ብርሃንነሽ የሰማችውን ማመን አልቻለችም። «ቆይ፣ ቆይ ልጄ። ላስቲክ የሌለበት ብላችሁ አይደል የመጣችሁት? አሁን ጓሮ ቆመህ ስለ ወንዝ ያለቀስከው አንተ አይደለህም?»

«በትክክል ማዘር። ሳጥኑ ላስቲክ የለበትም። ላስቲኩ ከሳጥኑ ውጭ ነው።» ይህንን ሲል ፊቱ ላይ አንዲት የእፍረት ጥላ የለም። «እንዲያውም እዚህ ላይ ‹ከፕላስቲክ ነጻ› የሚል እናትምበታለን። ከላስቲኩ ሥር በደንብ ይነበባል።»

ወገኖቼ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሀብተጊዮርጊስ እንኳ ቀና ብሎ ልጁን አየው። የላስቲክ ነጋዴው እንኳ!

«አይሆንም» አለች ብርሃንነሽ። «ሳጥኔ እንደዚህ አይወጣም። እንደተሠራ ከወሰዳችሁ ውሰዱ፤ ካልሆነ ውሃችሁን ጠጡና ሂዱ። ጠርሙሱን ከአጥሩ ሥር አንሥታችሁ።»

ልዑልቃል ትከሻውን ሰበቀ። አልተቀየመም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይቀየምም። «ያስቡበት ማዘር። በዚህ መልኩ ከሆነ አሁኑኑ እንዋዋላለን። ካልሆነ ቦንጋ ሌላ ሳጥን የሚያሳዩን ሰዎች አሉ፣ ነገ እዚያ ነን» ብሎ ስልክ ሊያወራ ወደ በረንዳ ወጣ።

ብርሃንነሽ ወደ ዘይቡ ዞረች። አብራት እንድትሰድበው ነው የጠበቀችው። ዘይቡ ግን ቆማ ጉልበቷን ታሻሻለች።

«ምን ዝም ትያለሽ? አትሰሚም እንዴ የሚለውን?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ?»

«አቦ ብርሃኔ» አለች ዘይቡ ቀስ ብላ፣ «እንዳትቀየሚኝ። ልጁ ውሸታም ነው፣ ወላሂ፣ ዐይኔ አይቷል። ግን አንቺ እምቢ ብለሽ ስትኮሪ እዚህ ቤትሽ ውስጥ ነሽ። እኔ ነገ ቦዩ ዳር ነኝ። ኩራትሽ የኔን ጉልበት አያነሳውም።»

ብርሃንነሽ አፏን ከፈተች። ለዕድር ዳኛ፣ ለሹም፣ ለፍየሏ እንኳ መልስ ነበራት። የዘይቡን ፊት አየች፣ ጭቃ የነካውን ቀሚሷን ጫፍ አየች፣ በሸክሙ የተጨማደደ ትከሻዋን አየች። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን የቆመውን ሳጥኗን ደግሞ አየችው። ከዚያ ወዲያ አላየችውም።

«ጥሪው» አለች።

«ቶሌ?» አለች ዘይቡ።

«ቶሌ። እሺ በይው። ጥሪው አልኩሽ።»

ልዑልቃል ተመልሶ ገባ፣ ሁሉንም አቀፈ፣ አጨበጨበ። ላስቲኩን ማን እንደሚያቀርብ ሲነሳ ሀብተጊዮርጊስ «እኔው አለሁ» ማለት ፈልጎ ሚስቱን አየና ዋጠው፤ ልጁ ራሱ «ፋዘር ናቸዋ!» አለለት። ሰዎቹ ሄዱ። ዘይቡ በባጃጅ ተሳፈረች። ስትሄድ እያለቀሰች ምስጋና አወረደች፣ ምርቃት አወረደች፤ ብርሃንነሽ «አሜን» አለች፣ ያለ ምንም ተረብ፣ ባዶ «አሜን»።

ማታ እራት ቀረበ። ሀብተጊዮርጊስ ከተቀመጠ ጀምሮ ይጠብቃል። ትከሻውን ሰብስቦ፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል። ዛሬ የሚወርድበት ስድብ የዕድሜ ልክ ነው፣ ያውቀዋል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ለነገ መርካቶ የሚያወራው ይሆናል ብሎም አስቧል። እሷ ግን ዝም ብላ ትበላለች።

«ወጡ ጨው አንሶታል መሰለኝ» አለ፣ ሆን ብሎ። ወጡ ምንም አላነሰውም። ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ቃል አባቱን ከመቃብር ጠርታ ትሰድብለት ነበር።

ጨዉን አንስታ አቀበለችው።

እሱ ፈራ። ትዳር ከመሠረቱ ወዲህ ፈርቷት አያውቅም፤ አሁን ፈራት። «ብርሃኔ፣ ኧረ በማርያም! አንድ ነገር በዪኝ። ስደቢኝ። ያ ላስቲክ ባይኖር ኖሮ... ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውቃለሁ። ስደቢኝ እንጂ!»

ብርሃንነሽ የጠቀለለችውን እንጀራ ዋጠች። እጇን ጠረገች።

«የዛሬው ላስቲክ ማዕዘኑ ላይ ተሸብሽቦ ነበር» አለች። «ለነገው ጣት ያህል አትርፈህ ቁረጠው።»

ሀብተጊዮርጊስ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።